የወንድማገኝ የክርስትና ስም

ቦንጋ፣ መስከረም 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ ከፈለኝ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሚባለውን «እኔ ደህና ነኝ፣ ያንተን ደህንነት ነው የምሻው» ዛሬ ዘልዬዋለሁ። እኔ እንዴት እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ አንተም እንዴት እንደሆንክ አውቃለሁ።

ፖስታህ ማክሰኞ ቢሮ ደረሰኝ። ወፈር ስላለብኝ ፎቶ የላክህልን መስሎኝ በደስታ ነበር የቀደድኩት። «ወንድማችን ወንድማገኝ አርፏል» የሚለው ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሥቼ የምርጥ ዘር ከረጢት የሚቀመጥበት መጋዘን ገባሁና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ስወጣ አጠገቤ የምትቀመጠው ትሁት ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ጥርሴን አልኳት። ደግ ልጅ ናትና ቅርንፉድ ልትገዛልኝ ሱቅ ወረደች። ወንድሜ ሞቶብኝ እስከ ሥራ መውጫ ቅርንፉድ ነክሼ ዋልኩ።

የለም፣ ለእማዬ አልነገርኳትም። እንዳልከው አንተ እስክትመጣ እንጠብቃለን። እኔ ብቻዬን እንዴት አድርጌ ነው የማረዳት? ግን ቶሎ ና። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ «ወንድማገኝ ደወለ?» ትለኛለች። «ያለበት በረሃ ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስላት እኔም አምኜበት ነበር። አሁን ግን ያንኑ ቃል የምናገረው ጫማዬን ለማውለቅ አጎንብሼ ነው።

ስልክ ያልከው አይሆንም። የእኔ ስልክ የቤቱ ሁሉ ነው፤ ስትደውል የምታነሣው እማዬ ናት፣ የምታወራህም ጎረቤት እስኪሰማ በስፒከር ነው። ድምፃችን ያጋልጠናል። በዚሁ በቢሮዬ አድራሻ ጻፍልኝ።

የክርስትና ስሙን ላኪልኝ ላልከው ደግሞ፣ ጋሼ፣ አላውቀውም። ዋጫ ከተማ ሲጠመቅ አንተ ማሠልጠኛ ነበርክ፤ እኔ ግን አሥር ዓመቴ ነበር፣ ጥላ ይዤ ከእማዬ ኋላ ቆሜ ነበር። በቄሱ እጅ ላይ ሸንቶ ሰው ሁሉ መሳቁን አስታውሳለሁ። ስሙን ግን በጆሮ ነው የተባባሉት። ከሱ በፊት ሁለቱ ሕፃናት ስለሞቱባት እማዬ ሰው መተት ያደርግበታል ብላ ፈርታ ከሁላችንም ደበቀችው፤ ለአባባ እንኳ አልነገረችውም። የሚያውቁት እሷና የክርስትና አባቱ ጋሽ ሙሌ ናቸው።

እኛ ጴንጤዎቹ ለሞተ ሰው እንደማንጸልይ ታውቃለህ። ፍትሐት ለሚባለው ነገር እምነቱ የለኝም። አንተ ግን ለምነኸኛል፤ እፈልገዋለሁ። ባለቤቴ ኢዮሲያስም «ወንድምሽ የጠየቀሽን አድርጊለት» ብሎኛል።

እርግጠኛ ነህ ወይ፣ ምናልባት ተማርኮ ቢሆንስ? አርፎ ከሆነስ የት ተቀበረ? ራስህን ጠብቅ።

እኅትህ ወለተሥላሴ


ደቡብ ሱዳን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተሥላሴ፣

ደብዳቤሽ ከዕረፍት በተመለሰ ባልደረባ እጅ ደረሰኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት ስለላክሁብሽ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ቅርንፉዱን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ሌላ ሆነብኝ።

«እርግጠኛ ነህ ወይ፣ ምናልባት ተማርኮ ቢሆንስ?» ብለሻል። ወለቴ፣ እርግጠኛ ነኝ። በዚህ ቅያሪ ወደ እኛ ሻለቃ ከመጡት መሃል ሰላሐዲን የሚባል አሥር አለቃ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ከወንድማገኝ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። የአባቴን ስም በደረቴ ላይ አንብቦ ነው ወንድምነታችንን የገመተው። ከዚያም በኋላ ወደ አገር ቤት ጽፌ አረጋግጫለሁ። ብዙ አልተሠቃየም። ይህን የምልሽ ለማጽናናት አይደለም፤ እኔም ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

የት ተቀበረ ላልሽው፣ እዚያው ኮረብታው ላይ፣ ከሌሎች ጋር። ቄስ አልነበረም። ጊዜም አልነበረም። ሰላሐዲን በራሱ እምነት ዱዓ አድርጎለታል፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ስለ ስሙ ለምን እንደማስቸግርሽ ልንገርሽ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነኝ። ሰላም ለማስከበር ብሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አሁን ደግሞ እዚህ። በየሄድኩበት ሰው ቀብሬአለሁ። ማን እንደሆነ የማናውቀውን ሬሳ መሬት ውስጥ ስናስገባ ሁልጊዜ አንድ ነገር እላለሁ፤ «ይህም እናት ነበረችው፤ ስሙን የምታውቅ» እላለሁ። የራሴ ወንድም እንደዚያ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ከአጠገቡ አልነበርኩም፣ አልቀበርኩትም፣ ቢያንስ በቤተ ክርስቲያን በስሙ ይጠራ። አንቺ ባታምኚበትም እኔ አምንበታለሁ። ለነገሩ ወለተሥላሴ ተብለሽ ጴንጤ መሆንሽ ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጋሽ ሙሌ ደካ ነው ያሉት። ሄደሽ ጠይቂያቸው። ካጣሽው እማዬን በዘዴ ጠይቂያት፤ «ጸሎት ላስይዝለት ነው» በያት። ልጇ ሩቅ ያለ እናት ስለ ጸሎት ብትጠየቅ አትጠራጠርም።

ለገና ፈቃድ ጠይቄአለሁ። እኔው መጥቼ እነግራታለሁ።

ያንቺው ከፈለኝ


ቦንጋ፣ ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደካ ሄጄ መጣሁ። ዝናቡ አላቆመም፤ ሚኒባሱ ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወርደን ገፍተናል። ጋሽ ሙሌ የሉም። አምና በሰኔ አርፈዋል፤ እኛ አልሰማንም። ባለቤታቸው እትዬ ዕፀገነት ቆጮና ማር አቅርበውልኝ «ስንቱን ልጅ ክርስትና አነሣ መሰለሽ፤ የናንተን ልጅ ስም ግን አደራ ተብያለሁ ብሎ ለኔም አልነገረኝም» አሉኝ። ለምን እንደምፈልገው አልጠየቁኝም። ስነሣ ግን እጄን ይዘው ትንሽ አቆዩኝ። ሳይገባቸው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ነው አንተ እንዳልከኝ ያደረግሁት። ምነው ባላደረግሁት።

እማዬ በረንዳው ላይ ኮረሪማ ታሰጣ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንደ ዋዛ «የወንድማገኝ የክርስትና ስም ማን ነበር?» አልኳት።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ጸሎት ላስይዝለት ብዬ።»

«የት?»

ጠፋሁ ጋሼ። የእኛ ቸርች እንዳልላት እኛ በክርስትና ስም አንጸልይም። ሚካኤል እንዳልላት አሥራ አምስት ዓመት ደጁን አልረገጥሁም። ኮረሪማውን ማገላበጥ ጀመርኩ።

«እናንተ ስትጸልዩ ሰውን በምን ስሙ ነው የምትጠሩት?» አለችኝ።

«በመጠሪያው።»

«እንግዲያው ወንድማገኝ በይና ጸልዪለት። ይበቃዋል።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ፊቴን ላዞር ብል አንገቴ እምቢ አለኝ። ኮረሪማውን ሳትጨርስ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ስለሱ ጠይቃኝ አታውቅም። ቤት ስገባ «ደወለ?» የለም። «እግርሽ ርሷል፣ ጫማሽን ለውጪ» ትለኛለች። ስትጠይቀኝ እጨነቅ ነበር፤ አሁን አለመጠየቋ ነው የሚገድለኝ። ሬዲዮኗንም አትከፍትም። የምትጠይቀኝ ስላንተ ብቻ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

ስንት አገር ዞረህ፣ ስንት ሰው መርተህ፣ ይህቺን እንዴት አላሰብካትም? ጴንጤ ልጇ መጥታ የወንድሟን የክርስትና ስም ስትጠይቃት እናት ምን ታስባለች ብለህ ነው? ለወታደር ሁሉም ነገር ዘዴ ነው። ወንድማገኝም ያንተን ፎቶ፣ ያንተን ሰማያዊ ቆብ እያየ ነው ያደገው።

ይህን መስመር ልሰርዘው ነበር። ተውኩት፤ ግን ይቅር በለኝ። ተናድጄ ነው፤ ባንተ አይደለም።

አውቃለች ትላለህ? ካወቀች ለምን አታለቅስም? ልንገራት እንዴ፣ ወይስ አንተው በስልክ ትነግራታለህ? እንዲህ ሆነን መቼ እንዘልቃለን?

ወለተሥላሴ


ደቡብ ሱዳን፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወለቴ፣

መስመሩን አለመሰረዝሽ ጥሩ ነው። እኔም ለራሴ ያላልኩት አይደለም።

ስህተቱ የኔ ነው፤ ልክ ነሽ። እማዬን እንደ ማንኛዋም እናት ቆጠርኳት።

መጥፎው ወሬ ደግሞ ይኸውልሽ። ለገና አልመጣም። በአካባቢው ግጭት ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ ካምፓችን እየገባ ነው፤ ፈቃድ ሁሉ ተሰርዟል። ሴቶች ልጆቻቸውን በፕላስቲክ ሳፋ አስቀምጠው በወንዙ እየገፉ ይመጣሉ። አጥሩ ውስጥ ለመኝታ የሚሆን ደረቅ መሬት ጠፍቷል። እኔ አዛዥ ሆኜ መሄድ አልችልም።

በስልክ ለምን አልነግራትም ላልሽው፣ አባባ ያረፈ ጊዜ እኔ እንዴት እንደሰማሁ ነግሬሽ አላውቅም። ሞንሮቪያ ነበርኩ። ያኔ ለመደወል ተራ እንይዝ ነበር። ተራዬ ደርሶ አዲስ አበባ ጠቅላይ መምሪያ ስደውል ስልኩን ያነሣው ሰው የዋጫ ልጅ ሆነ፤ የሰማሁ መስሎት «ሻምበል፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ አባትህ ጥሩ ሰው ነበሩ» አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ስልኩን ለተረኛው ሰጠሁና ወጣሁ። ውጭ ዝናብ ነበር። የት ሄጄ እንደማለቅስ አላውቅም ነበር፤ ድንኳኔ ውስጥ ስድስት ሰው አለ። ሳላለቅስ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ለወታደር ቤተሰብ መርዶ ሲላክ ሰው ሄዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ካልሆነ በቀር እሺ ብዬ አላውቅም። ለሰው እናት የከለከልኩትን ለእናቴ አላደርገውም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አባ ሀብተሥላሴ የእማዬ የንስሐ አባት ናቸው። እሳቸው ስሙን ማወቅ አለባቸው። እንደምታፍሪ አውቃለሁ። እባክሽ ሂጂ።

ከፈለኝ


ቦንጋ፣ ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ስላባባ የጻፍከውን ለኢዮሲያስ አነበብኩለት፤ ወጥቶ እንጨት ሲፈልጥ አመሸ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አባ ሀብተሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። ማፈር ብቻ መሰለህ? ከውጭ በር ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ ሳመነታ አንዲት አሮጊት «ግቢ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ። ቄሱ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሳያቸው አርጅተዋል። «የየሺሃረግ ልጅ» አሉ ገና ሳልናገር። መስቀላቸውን ዘርግተው ትንሽ ጠበቁኝና መልሰው አስቀመጡት። አልተቆጡኝም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ስሙን አውቀዋለሁ» አሉ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! «እንግዲያው ፍትሐቱን ያድርጉለት፤ ወንድሜ የሚፈልገው ያን ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እናቱ ስሙን የሰጠችኝ ከሕያዋን ጋር እንድጠራው ነው። የሦስታችሁንም ስም እሑድ እሑድ እጠራለሁ። ያንቺንም። እሱን ከዚያ አንሥቼ ከሙታን ጋር የማኖረው እሷ ስትለኝ ነው።»

«ሞቷል እኮ አባ!»

«አንቺ ነገርሽኝ። እሷ አልነገረችኝም። በጓዳ ፍትሐት አድርጌ እሑድ ደግሞ እሷ ፊት ቆሜ ሕያው ብዬ ልጥራው?» አሉ። ደግሞ «አሁን ስሙ ላይ ስደርስ ምን እንደምል ግራ አጋባሽኝ» አሉኝ።

ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ድሮ ስሙ ሲጠራ ቆማ ነበር የምትሰማው። ከኅዳር ወዲህ ግንባሯን መሬት አድርሳ ትሰግዳለች» አሉኝ።

አየህ ጋሼ? ስሙ አልጠፋም። ያለው እሷ ጋ ነው፣ ጨብጣ ይዛዋለች። ካስረከበችው ልጇ ሞተ ማለት ነው። እኔ ከእጇ ልቀማት አልችልም። አባም አይችሉም። ለወንድማገኝ ጸሎት ይደረግለት ስንል ለካ እሷን አንቺው ግደይው እያልናት ነው።

ላንተ የላኩልህን ቃል ልጻፍልህ፤ «እግዚአብሔር ዘንድ ስሙ አይጠፋም፣ አይጨነቅ» ብለዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ በዚህኛው ላይ ልዩነት የለንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እስከ ዛሬ ስላንተ ሳልጠይቅ መቅረቴ አሳፍሮኛል። ሰላሐዲን ሲነግርህ ማን አብሮህ ነበር?

ወለተሥላሴ


ደቡብ ሱዳን፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወለቴ፣

አጭር ነው የምጽፍልሽ፤ ደብዳቤውን የሚያደርሰው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ቆሞብኛል።

አባ ልክ ናቸው። ከእንግዲህ ስለ ስሙ አላስቸግርሽም።

ማንም አልነበረም። ውኃ ማጠራቀሚያው ጋ ቆመን ነበር። ሰላሐዲን ነግሮኝ ሲጨርስ እንባው መጣ፤ እኔ አዛዡ ስለሆንኩ «ሂድ፣ ፊትህን ታጠብ» አልኩት። ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ። ከዚያ የጥበቃ ተረኞችን መፈተሽ ነበረብኝ፤ ፈተሽኩ። የአንዱ የጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ስለነበር ተቆጣሁት። ይኸው ነው።

ከሆሣዕና በፊት ለመምጣት ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ነው የቸኮልኩት። የሰፈር ሽማግሌዎችን አነጋግሪ። ጎህ ሲቀድ ይምጡ። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ እነግራታለሁ። ከግራና ከቀኝ የሚይዟት ሴቶች ይኑሩ፤ ጎረቤት እንዳይቀር።

ምን ብዬ እንደምጀምር ከአሁኑ እያጠናሁ ነው። ስንት ጊዜ ለሰው አስጠንቻለሁ፤ ለራሴ ሲሆን አልይዝልህ አለኝ።

ከፈለኝ


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ሳትነሣ እንዲደርስህ በሰው በሰው አድርጌ ነው የላክሁት። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ያለፈው ሳምንት እማዬ ልብስ ስታጥፍ ድንገት «ከፈለኝ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ከሆሣዕና በፊት አልኳት።

«ሊነግረኝ ነው?»

የያዘችውን ልብስ አጥፋ ጨረሰችና ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። በካፊኖኖ ነበር፤ ልቧ ሲሞላ እንደምታደርገው። ወደ አማርኛ ሳመጣው ይቀልብኛል፤ «ለእሱስ ማን ነገረው? ማን ያዘው?» ነው ያለችኝ።

መዋሸት አቃተኝ። ውኃ ማጠራቀሚያውንም፣ ሰላምታውንም፣ የጫማ ማሰሪያውንም ነገርኳት። እዚያ ላይ ስደርስ ነው ያለቀሰችው። ከኅዳር ጀምሮ ለወንድማገኝ ያላፈሰሰችውን እንባ ባንተ ላይ አፈሰሰችው። «ልጄን ብቻውን! ልጄን የሚይዘው ሰው ሳይኖር!» እያለች መሬቱን በመዳፏ መታችው። ኢዮሲያስ ሮጦ መጥቶ ከፍ አደረጋት። ጎረቤት ሰምቶ ሲገባ «ምንም አይደለም፣ እስከ እሑድ ምንም አይደለም» አለቻቸው።

እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳ ወጣች። ብቻዬን እሄዳለሁ አለችኝ። እኔም ራቅ ብዬ ተከተልኳትና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆምኩ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ስለሚሰማ ሁሉንም እሰማ ነበር። አባ ሀብተሥላሴ የሕያዋንን ስም ጠሩ፤ ያንተንና የእኔን ሰማሁ። ከዚያ ያረፉት ጋ ደረሱ። አንድ ስም ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ እንደገና ጀመሩ። እሱ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ቆንጆ ስም ነው ጋሼ። አልጽፈውም፤ እሷ ትንገርህ። እኔ ጴንጤዋ ወለተሥላሴ አጥሩን ይዤ፣ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

አሁን ዋናው ነገር። እንዳልነግርህ ልታስምለኝ ነበር፤ እኛ አንምልም ብዬ አመለጥኳት።

ሽማግሌዎቹን እሷ ራሷ አነጋግራለች። ለእሷ አይደለም፤ ላንተ ነው። ከጂማ መጥተህ አመሻሽ ላይ ስትገባ ማንም ምንም አይልህም። እማዬ ትስምሃለች፣ ራትህን ትበላለህ፣ ትተኛለህ። ጎህ ሲቀድ አባ ሀብተሥላሴና ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ያስነሡሃል፣ ያስቀምጡሃል። ኢዮሲያስ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን እንሆናለን። ከዚያ «ወንድምህ አርፏል» ይሉሃል። ገና እንዳልሰማ ሰው። «እንደ ሰው ወግ ይረዳ። የአባቱንም መርዶ በሰልፍ ላይ ነው የሰማው፤ የወንድሙን እኔ ደጅ ላይ ይስማ» ነው ያለችው።

እንዳወቅህ አትንገራት። ያጠናኸውን ንግግር ተወው፣ አያስፈልግህም። ና ብቻ።

እኅትህ ወለተሥላሴ


ደቡብ ሱዳን፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተሥላሴ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ማሩ በመንገድ አልፈሰሰም፤ ሰላሐዲን ሁለት ጊዜ እጁን ከትቶበታል።

ክንድህን አሳምሜህ ይሆን ብለሽ በደብዳቤሽ ጠይቀሻል። እዚህ እስክገባ ትንሽ ጠቁሮ ነበር፤ የባልሽ ጣት ነው። እንኳን አሳመመኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ስመጣ ለእማዬ ብዬ እንዳልሰማ ልሆን ነበር። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደማስመስል ሳስብ ነው የመጣሁት። አባ «ወንድምህ» ብለው ገና «አርፏል» ሳይሉ ግን ራሴን መሬት ላይ አገኘሁት። ዓመት ሊሞላው የቀረበ ወሬ ያን ጠዋት ገና ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አንቺ ብዙ ጮኸሃል ብለሽኛል፤ አባባንም ጠርተሃል ብለሽኛል። አላፍርም። በዚህ ሁሉ ዘመን የያዘኝ ሰው አልነበረም፤ ይዛችሁኛል።

ፍትሐቱ ላይ አጠገቤ መቆምሽን አልረሳውም። ለቸርችሽ ምን ብለሽ እንደምታስረጂ አንቺ ታውቂያለሽ።

መነኻሪያው ላይ እማዬ አንገትህን ስባ በጆሮህ ምን አለችህ ላልሽው ደግሞ፣ እናንተ የወንድማገኝን ስም የነገረችኝ መስሏችኋል። ስሙንማ የለቅሶው ዕለት ነግራኛለች። መነኻሪያው ላይ የተናገረችው የእኔን ነው። በክርስትና ስሜ ጠራችኝ፤ ከሕፃንነቴ ወዲህ በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ከዚያ «ይህኛውን ከሕያዋን መሃል አታስነሣኝ። ሁለተኛ አልችልም» አለችኝ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ እሷም ወደ መኪናው ገፋ አደረገችኝ።

መንገድ ላይ ብዙ አሰብኩ። ሰዎቼን ጥዬ መውጣት ይከብደኛል፤ ሌላ ሥራም አላውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ልብስ ነው የኖርኩት፤ ሳወልቀው ማን እንደምሆን እንጃ። ቢሆንም የጡረታ ማመልከቻዬን ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ። መልሱ ምናልባት ወራት ይፈጃል።

ለእማዬ ዛሬውኑ ንገሪያት። እኔ እስክመጣ አትጠብቂ።

ወንድምሽ ከፈለኝ